ከጧሪነት ወደ ጡረታ፦ በአሜሪካ ለሚሠሩ ጥቁር ባለሙያ ሴቶች የስሜትና የማኅበራዊ ኑሮ ዝግጅት

«ጡረታ» የሚለው ቃል የተገኘው «ጦረ» ከሚለው ግሥ ነው። መጦር ማለት አቅሙ የደከመን ሰው ማብላት፣ ማልበስና መንከባከብ ነው፤ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» የሚለው ምርቃትም የመጣው ከዚሁ ነው። በቋንቋችን ብንሄድ ጡረታ የወጣ ሰው ሌሎችን ሲጦር ኖሮ በተራው የሚጦር ሰው ነው። በአሜሪካ ሠላሳና አርባ ዓመት በሙያዋ የሠራች ጥቁር ሴት ግን፣ ትውልዷ ጆርጂያም ይሁን ጎንደር፣ አብዛኛውን ጊዜ ጧሪ እንጂ ተጧሪ ሆና አታውቅም። ደመወዟ የወላጆቿን መድኃኒት ገዝቷል፣ የእህት ወንድም ልጆችን አስተምሯል፣ የቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አስጠግኗል። ስለዚህ ሥራ የምትለቅበት ቀን ሲደርስ የሚከብዳት ነገር ሥራ መፍታቱ ብቻ አይደለም፤ ከሰው መቀበልን አለማወቋም ነው።

እኔ ራሴ በዋሽንግተን አካባቢ ለረጅም ዓመታት በነርስነትና በነርሶች ኃላፊነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። ስለ ገንዘቡ የሚመክር ሰው ሞልቷል፤ ይህ መመሪያ የሚያተኩረው በቀረው ላይ ነው። የሚቻል ከሆነ ሥራ ከሚለቁበት ቀን ሦስት ዓመት ቀደም ብለው ቢጀምሩት ይመረጣል፤ ስድስት ወር ብቻ የቀረዎት ከሆነ ሦስተኛውንና አራተኛውን እርምጃ ያስቀድሙ። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አንደኛ እርምጃ፦ ከደመወዙ ሌላ ሥራው የሚሰጥዎትን ይቁጠሩ

አንድ ደብተር ይግዙና ለሁለት ሳምንት በየማታው ይጻፉበት። የሚጻፈው የተሠራው ሥራ ሳይሆን ሥራው ለእርስዎ የሰጠዎት ነገር ነው፦ በስምዎ ጠርቶ ሰላም ያለዎት ማን ነው፣ ምክር የጠየቀዎት ማን ነው፣ ከማን ጋር ሳቁ፣ «ያለ እርስዎ አይሆንም ነበር» የሚል ስሜት የተሰማዎት መቼ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ በየመስመሩ ትይዩ ይህ ነገር ሥራው ሲቀር ከየት ሊመጣ እንደሚችል ይጻፉ። መልስ ያጡለትን መስመር ባዶውን ይተዉት፤ ለመሙላት አይቸኩሉ።

ከሚቆጠሩት ነገሮች መካከል ማዕረግ ለብቻው መታየት አለበት። ጥቁር ሐኪም ወደ ታካሚ ክፍል ስትገባ «ምግቡን ልትወስጂ ነው?» ተብላ መጠየቋ፣ ጥቁር ጠበቃ ፍርድ ቤት ውስጥ የተከሳሽ ዘመድ ተደርጋ መታየቷ በሙያው ውስጥ ላለን ሁሉ የታወቀ ነው። አንገቷ ላይ ያለው ባጅ ጥያቄውን በአንድ ጊዜ ይዘጋዋል። ለአንዳንድ ባልደረቦቿ ማዕረግ ጌጥ ሊሆን ይችላል፣ ለእርሷ ግን ጋሻዋ ነበር፤ ባጁን መልሳ በወጣች ማግስት ባንክም ሆነ ሱቅ ወይም ሐኪም ቤት የምትገባው ያለ ጋሻ ነው። ይህን አስቀድሞ ማወቅ በራሱ ይረዳል፤ «ከጡረታ በኋላ ለምን ሆደ ባሻ ሆንኩ?» ብለው ራስዎን ከመውቀስ ያድንዎታልና። እዚህ ላይ እኛ ኢትዮጵያውያን አንድ ዕድል አለን፦ በማኅበረሰባችን ዘንድ ነርስ እስከ መቃብሯ «ሲስተር» ናት፣ መምህርም መምህር ነው፤ ማዕረጉን ለመሥሪያ ቤት መልሱ የሚል የለም።

በደብተሩ በሌላኛው ገጽ ደግሞ በመገላገልዎ ደስ የሚልዎትን ይጻፉ። በስብሰባ ላይ ብቸኛዋ ጥቁር ሴት መሆን፣ ቁጣ እንዳይመስል ድምፅን ማለስለስ፣ በአነጋገር ዘይቤ ምክንያት ሁለት ጊዜ መደጋገም፣ ፀጉርን ለመሥሪያ ቤት ዓይን ሲሉ መተኮስ ሁሉም ጉልበት ይበላሉ። በፀጉር አሠራር ምክንያት ሠራተኛን ማግለል የሚከለክል ሕግ በካሊፎርኒያ የወጣው ገና በ2019 ነው፤ ከአሁን ጡረተኞች ብዙዎቹ የሥራ ዘመናቸውን ያሳለፉት ከዚያ በፊት ነው። የማኅበረሰብ ጤና ተመራማሪዋ አርሊን ጄሮኒመስ በ1992 ያቀረቡት መላ ምት እንዲህ ያለው የማያቋርጥ ጫና የጥቁር ሴቶችን አካል ያለ ዕድሜው እንደሚያስረጅ የሚገልጽ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት እንቅልፍ በእንቅልፍ ቢሆኑ ወዲያው ስንፍና ነው ብለው አይፍረዱ፤ ድካሙ የቆየ ነው።

ሁለተኛ እርምጃ፦ አርአያ ይፈልጉ

ሶሻል ሴኩሪቲ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የጡረታ ዋስትና ሕግ በ1935 ሲወጣ የእርሻና የቤት ውስጥ ሠራተኞችን አላካተተም ነበር፤ በዚያን ዘመን ከሚሠሩት ጥቁር ሴቶች አብዛኞቹ ደግሞ በእነዚህ ሁለት ሥራዎች የተሰማሩ ነበሩ። የቤት ሠራተኞች ወደ ሥርዓቱ መግባት የጀመሩት በ1950ው ማሻሻያ ነው። እንግዲህ ዛሬ ስድሳዎቹ ውስጥ ያለች ጥቁር አሜሪካዊት ባለሙያ አያቷ እስኪያቅታት ድረስ ልብስ ስታጥብና የሰው ልጅ ስታሳድግ ኖራ ሊሆን ይችላል። የእኛም እናቶች ነጋዴም ሆኑ ገበሬ ወይም የቤት እመቤት፣ አብዛኞቹ የጡረታ ደብተር የሚባል ነገር አላዩም፤ ጡረታቸው ልጆቻቸው ነበሩ። በሁለቱም ወገን ሥራ አቁማ በራሷ ገንዘብና በራሷ ጊዜ ስትኖር የታየች ሴት ጥቂት ናት። ለመቀመጥ ስናስብ የሚሰማን ኀፍረት ከዚህ ታሪክ የመጣ ይመስለኛል።

ስለዚህ ሁለት ሴቶችን ፈልገው ያነጋግሩ፤ አንዷ ጡረታ ከወጣች አምስት ዓመት ገደማ፣ ሌላዋ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ የሆናት ብትሆን ጥሩ ነው። «ጡረታ እንዴት ነው?» ብለው አይጠይቁ፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ተብሎ ያልቃል። «ማክሰኞ ከቀኑ በስምንት ሰዓት የት ነሽ? ባለፈው ወር ሳትጠሪው ቤትሽ የመጣ ማን ነው? መጀመሪያ ያለቀሽው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ።

ሦስተኛ እርምጃ፦ መቀበልን ይለማመዱ

ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ ብዙ ሴቶች የሚዘሉትም ይህንኑ ነው። የነርሲንግ ተመራማሪዋ ሸሪል ዉድስ ጂስኮምቤ በ2010 ባሳተሙት ጥናት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶችን ሰብስበው ስለ ውጥረትና ስለ ጥንካሬ ካነጋገሩ በኋላ አምስት ነገሮችን ለይተዋል፦ ጠንካራ መስሎ የመታየት ግዴታ፣ ስሜትን አምቆ መያዝ፣ በሰው ላይ ለመደገፍ እምቢ ማለት፣ አቅም ባይኖርም ለስኬት መታገል እና ራስን ትቶ ሌሎችን መርዳት። ሴቶቹ ይህ ባሕርይ ቤተሰባቸውንና ማኅበረሰባቸውን እንዳቆመላቸው ተናግረዋል፤ ጤናቸውንና ትዳራቸውን እንደጎዳባቸውም አልደበቁም። ዝርዝሩን ሳነብ «ቻይ ናት» የሚለውን የእኛን ሙገሳ አስታወሰኝ። ቻይ የተባለች ሴት ደግሞ አልቻልኩም ለማለት አፏ አይታዘዝላትም።

ልምምዱን ከቀላሉ ይጀምሩ። በመጀመሪያው ወር በሳምንት አንድ ጊዜ ሰው «ልርዳሽ» ሲል «እሺ» ይበሉ፤ ዕቃ መሸከምም ሆነ በር መያዝ ሊሆን ይችላል። ጎረቤት ምግብ ብታመጣልዎ ሳህኑን በማግስቱ ሞልተው ለመመለስ አይሩጡ። ልማዱ መልካም ነው፣ ዳሩ ግን ብዙዎቻችን የምንሞላው ውለታ ላለመሸከም ብለን ነው፤ አንድ ሳምንት ሳህኑ እዚያው ይቀመጥና በእርስዎ ላይ የሚያሳድረውን ይመልከቱ። ይህ ሳቅ ያሰኛል፣ ነገር ግን የማውቃቸው ሁለት ሴቶች ሦስት ቀን መታገሥ አቅቷቸዋል።

በሁለተኛው ወር እርስዎ ይጠይቁ። ጥሩ አጋጣሚ የሚሆነው ኮሎኖስኮፒ የሚባለው የትልቁ አንጀት ምርመራ ነው፤ ማደንዘዣ የወሰደን ሰው ሐኪም ቤቶች በአብዛኛው ወደ ቤት የሚወስደው ሰው ካልመጣ አይለቁትም። በሥራ ዘመኔ ስንት መቶ ሰው አጅቤ ያስወጣሁ ሴት የራሴ ቀጠሮ ሲደርስ የሚወስደኝን ሰው ለመጥራት አፍሬ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ ሰርዣለሁ። በመጨረሻ የጠራኋት የማኅበር እህቴ የተናደደችው ስለ ጠራኋት ሳይሆን ሁለት ጊዜ ስለ ሰረዝኩ ነው። በሦስተኛው ወር ደግሞ አንድ የሚፈሩትን ነገር ለአንድ ሰው በቃላት ይንገሩት፤ ለምሳሌ የመርሳት በሽታን። የአሜሪካ የአልዛይመር ማኅበር እንደሚገልጸው በዕድሜ የገፉ ጥቁር አሜሪካውያን በዚህ በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከነጮች ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነ ፍርሃቱ መሠረት የለውም አይባልም፤ ሜዲኬር በሚባለው የአረጋውያን የመንግሥት የጤና መድን ዓመታዊ የጤና ጉብኝት ላይም የማስታወስ ችሎታ እንዲታይልዎ መጠየቅ ይችላሉ።

ባለሙያ ማነጋገርም የዚሁ ልምምድ አካል ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ጆይ ሃርደን ብራድፎርድ «ቴራፒ ፎር ብላክ ገርልስ» በሚል ስም የመሠረቱት ድረ ገጽ ለጥቁር ሴቶች የሚስማሙ ቴራፒስቶችን በየአካባቢው ለማግኘት የሚረዳ ማውጫ አለው። የሐኪም አገልግሎትን የሚሸፍነው የሜዲኬር ክፍል ቢ የሥነ አእምሮ ምክር አገልግሎትንም ይሸፍናል፤ ከ2024 ጀምሮ ፈቃድ ያላቸው የጋብቻና የቤተሰብ ቴራፒስቶችና የአእምሮ ጤና አማካሪዎችም በዚሁ ውስጥ ተካትተዋል። አንዳንዶቻችን «እኔ የነፍስ አባት አለኝ» እንላለን። የነፍስ አባት ኃጢአትን ይሰማል፤ ኃጢአት ያልሆነ ኀዘን ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገርለት ይቀራል፤ ስለዚህ አንዱ ሌላውን አይተካም።

በመጨረሻም የጤና ውክልና ሰነድዎን ያዘጋጁ። ራስዎን ስተው ቢተኙ ስለ ሕክምናዎ የሚወስነው ማን ነው? ሰነዱ ሕጋዊ ቢሆንም ጥያቄው ከስሜት ጋር የተያያዘ ነው፤ ጧሪዎን በስም መምረጥ ማለት ነውና። በሕይወት ያለ የትዳር ጓደኛ ወይም በአቅራቢያ ያለ ልጅ የሌላት ሴት ይህን ሁልጊዜ ለነገ ታሳድራለች። የመረጡትን ሰው ፊት ለፊት አስቀምጠው ይንገሩት፤ ስሙን በወረቀት ላይ ማስፈር ብቻውን አይበቃም።

አራተኛ እርምጃ፦ ከቤተሰብ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ

ጡረታ መውጣትዎ ሲሰማ ሌሎች ጊዜዎን ማከፋፈል ይጀምራሉ። ልጅዎ የልጇን መዋያ ክፍያ ታሰላለች፣ ወንድምዎ የታመመች እናትን ያስባል፣ ቤተ ክርስቲያኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ያጣል። ከአገር ቤት የሚደወለው ስልክም አይቀንስም፤ ደመወዝ መቆሙን ለማመን ጊዜ ይፈልጋልና። ክፋት ያለበት ሰው የለም፤ እስከ ዛሬ እምቢ ብለው ስለማያውቁ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከመውጣትዎ ከአንድ ዓመት በፊት ለእያንዳንዱ ሰው የሚሰጡትን በቁጥር ይወስኑ። የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ፈቃደኛ ከሆኑ በሳምንት ስንት ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይናገሩ። ለምሳሌ፦ «ልጄ፣ ማክሰኞና ሐሙስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እኔ አለሁ። ሌላውን ቀን አትቁጠሪኝ፤ ችግር ከመጣ ደውዪና እንመካከር።» ለአገር ቤት ደግሞ፦ «ወንድሜ፣ ከመስከረም ጀምሮ ደመወዝ የለኝም። ለእማዬ መድኃኒት በየወሩ የምልከው አይቋረጥም፤ ለሌላው ግን በዓመት አንድ ጊዜ ለፋሲካ የቻልኩትን እልካለሁ።» መጀመሪያ የማይቋረጠውን መናገር ለሰሚው ያረጋጋል። ንግግሩን አንድ ጊዜ ተናግረው የሚጨርሱት አይምሰልዎ፤ ሦስት ጊዜ ሊደገም ይችላል፣ በሁለተኛው ላይም መኮራረፍ ይመጣ ይሆናል።

ባል ካለዎት ቀኑን እንዴት እንደምታሳልፉ በግልጽ ይነጋገሩ። ሁለት ሰዎች ለሠላሳ ዓመት በቀን ሁለት ሰዓት ሲተያዩ ኖረው ድንገት አሥራ አራት ሰዓት አብረው ሲውሉ ትዳሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቤት ውስጥ የመዋሉ ትርጉም ምግብ የማብሰሉ ሥራ ሁሉ የእርስዎ ይሆናል ማለት እንዳልሆነ አስቀድሞ ቢነገር ይሻላል።

አምስተኛ እርምጃ፦ ከሥራ ውጭ ያለውን ማኅበር ያጠናክሩ

የስልክዎን ዝርዝር ይክፈቱና የምታወሩት ነገር ሁሉ የመሥሪያ ቤት ወሬ ከሆነባቸው ጓደኞች አጠገብ ምልክት ያድርጉ። ከእነርሱ መካከል ሁለት ወይም ሦስት ይምረጡና ገና ሥራ ላይ እያላችሁ ከመሥሪያ ቤት ውጭ መገናኘት ይጀምሩ። ሌሎቹ በአንድ ዓመት ውስጥ ቢርቁ እንደ ክህደት አይቁጠሩት።

ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች በዚህ ረገድ የሚያስቀና ቅርስ አላቸው። ሶሮሪቲ ከሚባሉት የእህትማማቾች ማኅበራት መካከል በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ አልፋ ካፓ አልፋ በ1908፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ በ1913፣ ዜታ ፋይ ቤታ በ1920 የተመሠረቱ ሲሆን ሲግማ ጋማ ሮ ደግሞ በ1922 በኢንዲያናፖሊስ ተቋቁሟል። እነዚህ ማኅበራት የተማሪነት ዘመን ብቻ አይደሉም፤ ለተመረቁ ሴቶች የተቋቋሙ ቅርንጫፎች ስላሏቸው አባልነቱ ዕድሜ ልክ ነው። የትምህርትና የመብት ታጋይዋ ሜሪ ማክሊዮድ ቤቲውን በ1935 የመሠረቱት የጥቁር ሴቶች ብሔራዊ ምክር ቤት፣ በ1946 በፊላደልፊያ የተቋቋመው «ሊንክስ» የተባለ የበጎ አገልግሎት ማኅበር እና ጥቁር ሴቶችን በእግር ጉዞ የሚያሰባስበው «ገርልትሬክ» ሌሎቹ ናቸው። ገርልትሬክ ከእግር ጫማ በቀር የሚጠይቀው ነገር ስለሌለ ለዓይን አፋር ሰው ጥሩ መጀመሪያ ነው። የእኛ ደግሞ ዕድር፣ የጽዋ ማኅበርና ሰንበቴ አለ። እንደ እኔ አሜሪካ ውስጥ ላረጀች ኢትዮጵያዊት ከሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቢኖራት ይበጃታል፤ ዕድሩ የአገሯን ለቅሶ ሲያውቅላት፣ ሌላው ደግሞ በሥራ ቦታ እንደ ጥቁር ሴት ያየችውን ሳታስረዳ የሚረዳላት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የሲቪል መብት ታጋይዋ ዶሮቲ ሃይት የጥቁር ሴቶችን ብሔራዊ ምክር ቤት ከ1957 እስከ 1997 ለአርባ ዓመት በፕሬዚዳንትነት መርተዋል፤ በ98 ዓመታቸው እስካረፉበት እስከ 2010ም ከሥራው አልራቁም። ታላቅ ሴት ናቸው፣ ነገር ግን ሁላችንም ሃይትን እንሁን ብንል ጡረታ የሚባል ነገር አይኖርም። በመጀመሪያው ዓመት ሰብሳቢ፣ ጸሐፊም ሆነ ገንዘብ ያዥ አይሁኑ። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቡና ሲቀዳልዎ ይጠጡ።

ስድስተኛ እርምጃ፦ የሚኖሩበትን ቦታ ሳይሞክሩ አይወስኑ

አንዳንዷ ወላጆቿ ተሰደው ወደ ወጡባት ደቡብ፣ ወደ አትላንታ ወይም ወደ ሻርሎት ትመለሳለች፤ አንዳንዷ ደግሞ አዲስ አበባ ያሠራችውን ቤት ታስባለች። ቤቱን ከመሸጥዎ በፊት እዚያ ሦስት ወር ይቀመጡ፤ አዲስ አበባ ከሆነ ክረምቱን ይጨምሩበት፣ በጥር የሚታየው ሠርግና ጥምቀት አያታልልዎ። ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ የሚደረግ ሕክምናን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር እንደማይከፍልም ያስታውሱ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ቀኑን ራስዎ ይምረጡ፣ ሽኝቱንም ራስዎ ያቅዱ

በ1960 እና ከዚያ በኋላ ለተወለዱ ሰዎች ሙሉው የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያ የሚጀምረው በ67 ዓመት ነው፤ በ62 ዓመት የጀመረ ሰው ክፍያው በ30 ከመቶ ይቀንስበታል፣ እስከ 70 የዘገየ ደግሞ በየዓመቱ 8 ከመቶ ይጨመርለታል። ሜዲኬር የሚጀምረው በ65 ነው። እነዚህ ቁጥሮች ወሰኑን ያሳዩ እንጂ ቀኑን አይመርጡልዎትም፤ ሰው ሲያስወጣው የወጣና ራሱ የወጣ ሰው በመጀመሪያው ዓመት የሚሰማቸው ስሜት እጅግ ይለያያል። ሳያስቡት ከተቀነሱ ግን ለቅሶ እንደ ደረሰብዎ ቆጥረው ሰው ይሰብስቡ እንጂ ለብቻዎ ዘግተው አይቀመጡ።

በርክክቡ ወቅት እውቀትዎን ለማን እንደሚሰጡ ያስቡ፤ ከተቻለ ለአንዲት ወጣት ጥቁር ባልደረባ በሰነድ ላይ የማይጻፈውን፣ ማን በየትኛው ስብሰባ ላይ እንደሚረዳ ይንገሯት። የመሥሪያ ቤት ኬክና የግድግዳ ሰዓት ሽኝት ከሆነ በቂ አይደለም። በራስዎ ቤት ወይም በማኅበሩ ቤት ሌላ ሽኝት ያድርጉ፤ ሽማግሌዎች ይመርቁዎት። የምግቡን ሥራ ግን ለሌሎች ይተዉ።

ስምንተኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያው ዓመት

የሥነ ማኅበረሰብ ተመራማሪው ሮበርት አችሊ ጡረታ በደረጃዎች እንደሚያልፍ ገልጸዋል፦ መጀመሪያ እንደ ጫጉላ ጊዜ ያለ ደስታ፣ ከዚያ ቅዝቃዜና ብስጭት፣ ቀጥሎ ራስን እንደ አዲስ ማደላደል። ሁሉም ሰው በዚሁ ቅደም ተከተል አያልፍም፣ ዳሩ ግን ቅዝቃዜው ሲመጣ ስሙን ማወቅ ይጠቅማል። በእኔ ላይ የመጣው በአምስተኛው ወር ነው፤ ማለዳ አሥራ አንድ ሰዓት ነቅቼ የደንብ ልብሴን ፈለግሁ።

ለሳምንቱ ቅርጽ ይስጡት፤ ከቤት የሚያወጡ ሦስት ቋሚ ቀጠሮዎች ይበቃሉ፣ አንዱም ሌላ ሰው የሚጠብቅዎት ይሁን። መማር ለሚወዱ፣ በሜሪላንድ 60 ዓመት የሞላቸው ጡረተኛ ነዋሪዎች በክፍለ ግዛቱ ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ ሲኖር የትምህርት ክፍያ ሳይጠየቁ የሚማሩበት «ጎልደን አይዲ» የተባለ ፕሮግራም አለ። ሀዘኑ ከሁለት ሳምንት በላይ ሳይለቅ፣ ምግብና እንቅልፍ ከነሳዎት ሐኪምዎን ያነጋግሩ፤ የመኖር ፍላጎትዎ ከጠፋ ራስን የማጥፋት ሐሳብና የከፋ ጭንቀት ላለባቸው በተዘጋጀው የ988 የስልክ መስመር ሌሊትም ሆነ ቀን መደወል ይቻላል።

ዓመቱ ሲሞላ በመጀመሪያው እርምጃ የጻፉበትን ደብተር ያውጡ። ባዶ ትተዋቸው ከነበሩት መስመሮች አንዳንዶቹ ሳያስቡት ተሞልተው ያገኟቸዋል። አሁንም ባዶ ከሆኑት አንዱን ይምረጡና ለጤና ውክልናዎ የመረጡትን ሰው ቡና ጠርተው ያንብቡለት፤ ቡናውን ደግሞ እርሱ ያፍላ።